ማሽኑን እንዴት አጥፍታችሁ ወጣችሁ?

ዛሬ ስለ ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን አጠፋፍ ትንሽ ልበል። «ይሄ ደግሞ ምን ወሬ አለው? ማጥፊያውን መጫን ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተ በደንብ አንብቡልኝ።

አስተምርበት በነበረ አንድ ወርክሾፕ የጠዋቱ ቡድን ሥራውን ጨርሶ ወጣ። የሠሩት ዕቃ ያምር ነበር፤ ጥሩ ማርክ ሰጠኋቸው። የከሰዓቱ ቡድን ገባና የራሱን ፕሮግራም ጭኖ ሳይክል ስታርትን ተጫነ። ጂ54 ላይ ግን የጠዋቶቹ ዜሮ ነጥብ እንዳለ ነበር። ባለ 10 ሚሊሜትሩ ኤንድ ሚል በሙሉ ፍጥነት ወርዶ ሞርሳው ላይ ተሰበረ፤ ስባሪው ተወርውሮ በሩን መታው። በሩ ዝግ ስለነበር ሰው አልተጎዳም። ክፍት ቢሆንስ?

ሁሉም ጣቱን የቀሰረው የከሰዓቱ ልጅ ላይ ነው። እውነት ነው፣ ዜሮውን ማረጋገጥ፣ ራፒዱን ዝቅ አድርጎ ፕሮግራሙን መጀመሪያ ከዕቃው በላይ በባዶ ማስኬድ ነበረበት። ጥፋቱ የጀመረው ግን ከጠዋት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኔ ነበር። ማርክ የሰጠሁት ለዕቃው ነው፤ ትተውት የወጡትን ማሽን ዞር ብዬም አላየሁት።

አቋሜ ይሄ ነው፦ የጋራ ማሽን ላይ ሥራ አለቀ የሚባለው ማሽኑ ለቀጣዩ ሰው ሲዘጋጅ ነው። ማርክም በዚያ መያዝ አለበት። የእድር ድስትና ብርጭቆ ስንወስድ አጥበን፣ ቆጥረን አይደል የምንመልሰው? የተሰበረ ካለም እንናገራለን። ማሽን ሲሆን ለምን ይለያል?

እንግዲህ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ስፒንድሉ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም በሩን አትክፈቱ። ጓንትም ከቆመ በኋላ ነው፤ የሚዞር ስፒንድል ጓንት ከያዘ እጅንም ይዞ ይሄዳል። ዜድን ወደ ላይ አንሱ፣ ቱሉን አውጥታችሁ ቦታው መልሱ። ፍቅፋቂውን በብሩሽ ጥረጉ። በእጅ ካላችሁ ይቆርጣችኋል፤ በኮምፕሬሰር አየር ካላችሁ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑ መንሸራተቻ ውስጥም ይሰገሰጋል። ጠረጴዛውን ወደ መሃል አምጡ። ኢመርጀንሲ ስቶፑን ተጫኑ፣ ቀጥሎ ኮንትሮሉን፣ መጨረሻ ላይ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። የማሽኑ ማኑዋል ሌላ ቅደም ተከተል ካለው እሱን ተከተሉ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ጻፉ፦ የቀየራችሁትን ኦፍሴት፣ የሰበራችሁትን ቱል፣ የሰማችሁትን እንግዳ ድምፅ። ቱል ሰበርኩ ብሎ የጻፈን ተማሪ የሚቆጣ መምህር ካለ፣ መደበቅን እያስተማረ ነው።

በሥራ መሃል መብራት ሲሄድስ? ብዙዎቻችን ሁሉን ትተን ቡና ልንጠጣ እንወጣለን። ቱሉ እኮ ብረቱ ውስጥ እንደተቀረቀረ ነው! ኢመርጀንሲውን ተጫኑ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ «ቱል ዕቃው ውስጥ አለ» ብላችሁ ወረቀት ለጥፉበት። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ፊት የሚቆመው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።

«ማሽኑ አንድ፣ ተራ የሚጠብቀው ተማሪ ብዙ፤ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለም» የሚል መምህር አውቃለሁ። እኔም እል ነበር። ይሄ ሁሉ ግን 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስፒንድሉ ከተጎዳ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ተማሪው በሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለ ማሽን ሲያይ ይከርማል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

አሁን በየፋብሪካውና በየኮሌጁ ያላችሁ ልጆቼ፣ ከናንተ በኋላ ማሽኑን የሚያበራውን ሰው አስቡት። ምናልባት ገና የመጀመሪያ ቀኑ ነው። እናንተ ጋ አሠራሩ እንዴት ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።