እግርሽ አላጠረም፤ መቀመጫው ነው የሰፋው!

ከመርሳ የጻፈችልን እህታችን የግብርና ባለሙያ ናት፡፡ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞርበት ሞተር ሳይክል መሥሪያ ቤቷ ሰጥቷታል፡፡ ቁመቷ ግን 1 ሜትር ከ55 ነው፡፡ ሞተሩ ላይ ስትወጣ መሬት የሚነካላት የጫማዋ ጫፍ ብቻ ነው፡፡ ሁለት ጊዜ፣ ያውም ቆማ ሳለ፣ ከነሞተሩ ወድቃለች፡፡ አሁን አለቃዋ «ካልቻልሽው ለሚችል ይሰጥ» ማለት ጀምረዋል፡፡ ሞተሩ ከሄደ የመስክ ሥራው ይቀራል፤ አበሉም አብሮ ይቀራል፡፡ እናም ስፖንጁን አስቆርጣ ትገላገል ወይስ ሞተሩን ትመልስ እንደሆነ ትጠይቃለች፡፡

እህታችን፣ ሞተሩን አትመልሺ፡፡ ስፖንጁንም ቢሆን ዝም ብለሽ አታስቆርጪ፡፡ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው፡፡

እንደ ያማሃ ዲቲና ሆንዳ ኤክስ ኤል ያሉት የፒስታ ሞተሮች ሆዳቸውን ድንጋይ እንዳይመታው ከፍ ተደርገው ነው የተሠሩት፡፡ መቀመጫቸው ከመሬት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው፡፡ ያንቺ ቁመት ያለው ሰው ከብሽሽቱ እስከ ተረከዙ ቢለካ ደግሞ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፡፡ ስትቀመጪ ሞላው ትንሽ ይረግብልሻል፤ ቢሆንም ልዩነቱን አይሞላውም፡፡ ፋብሪካው ሲሠራው አንቺን አላሰበም፤ ይኸው ነው፡፡ አጠር ያሉ ወንዶችም ይህንኑ ችግር ያውቁታል፤ አፍረው ስለማያወሩት ነው እንጂ!

ብዙ ሰው የሚያየው ከፍታውን ብቻ ነው፡፡ ስፋቱን ልብ የሚለው የለም፡፡ እግር ከመቀመጫ ላይ በቀጥታ ወደ መሬት አይወርድም፤ መጀመሪያ ወደ ጎን ወጥቶ፣ የመቀመጫውን ጠርዝ ዞሮ ነው የሚወርደው፡፡ ጠርዙ በሰፋ ቁጥር ጭን ይከፈታል፣ እግርም ያጥራል፡፡ ካላመንሽ ቤትሽ ውስጥ መጀመሪያ እግርሽን ገጥመሽ፣ ቀጥሎ ከፍተሽ መስታወት ፊት ቁሚ፡፡ ምን ያህል ዝቅ እንዳልሽ ታዪዋለሽ፡፡

ስለዚህ ወልድያ ወይም ደሴ፣ የመኪናና የሞተር ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ዘንድ ስትሄጂ «ዝቅ አድርግልኝ» ብቻ ብለሽ አትመለሺ፡፡ ሦስት ነገር ንገሪው፡፡

አንደኛ፣ ከነዳጅ ታንኩ ቀጥሎ ያለውን የፊተኛውን ክፍል ግራና ቀኙን ከርክሞ ያጥብብልሽ፡፡ እግርሽን ስታወርጂ የምትጠጊው ወደዚያ ነው፡፡ ወገብሽን ችሎ የሚያስኬድሽን የኋለኛውን ክፍል ግን ስፋቱን አይንካው፡፡

ሁለተኛ፣ ከላይ የሚቆረጠው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን፡፡ የሚቀረው ስፖንጅ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልሆነ ከሥሩ ያለው ብረት ወይም ፕላስቲክ በየጉድጓዱ ይቆረቁርሻል፡፡ ዝቅ ብሎ የሚያሳምም መቀመጫ ከፍ ካለው አይሻልም፡፡

ሦስተኛ፣ መቀመጫው ወደ ታንኩ ያዘመመ እንዳይሆን፡፡ ከዘመመ ቁልቁለት ላይ እየተንሸራተትሽ ታንኩ ላይ ትለጠፊያለሽ፤ ክንድሽም ይዝላል፡፡ ሀብሩ ደግሞ በምዕራብ ወደ ደጋው የሚወጣ፣ በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ አገር ነው፤ ቁልቁለት የት ይጠፋል?

ስፖንጁን በተመለከተ፣ በፍራሽ ስፖንጅ እንዳትታለዪ፡፡ ሱቅ ውስጥ ሲጫኑት ያባብላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተኝቶ ይቀራል፡፡ በእጅሽ ስታነሺው ከበድ የሚለውን፣ በአውራ ጣትሽ ጫን ብለሽ ስትለቂው ቶሎ የሚመለሰውን ምረጪ፡፡ መጀመሪያ ደረቅ ሊመስልሽ ይችላል፡፡ ከመርሳ በስሪንቃ በኩል ወልድያ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደሽ ስትወርጂ ግን የትኛው እንደሚሻል ወገብሽ ራሱ ይነግርሻል፡፡

ልብሱ ሻከር ያለ ይሁን፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ያንሸራትታል፡፡ ስፌቱ የምትቀመጪበት መሃል ላይ እንዳይመጣ፤ ይቆረቁራል፣ ዝናብም ያስገባል፡፡ ከልብሱ ሥር ስስ ላስቲክ ያስገባልሽ፡፡ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ቶሎም ይበሰብሳል፡፡ በመርሳ ፀሐይ ጥቁር መቀመጫ እንደ ምጣድ ነውና ስታቆሚው ጥላ ፈልጊ፡፡ ከላይ የበግ ለምድ ጣል ማድረግም ሙቀትና ላብ ይቀንሳል፤ ብቻ ፀጉሩ አጠር ያለ ይሁን፣ አለበለዚያ ያስቆረጥሽውን ከፍታ መልሰሽ ልትገዢው ነው! እንዳይንሸራተትም በደንብ ይታሰር፡፡

አንዳንድ መካኒክ «የኋላውን ሞላ ዝቅ ላድርግልሽ» ሊልሽ ይችላል፡፡ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሻል ይኼ ነው፡፡ ሞላው ዝቅ ሲል የጎን ማቆሚያው ስለሚረዝምበት ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና በትንሽ ንፋስ ወደ ሌላው ወገን ይወድቃል፡፡ የፊት መብራቱም ሰማይ ሰማይ ያያል፡፡ ጭነት ስትጭኚ ደግሞ ጎማው ከላይ ካለው ጭቃ መከላከያ ጋር ሊፋተግ ይችላል፡፡ መቀመጫው ተሠርቶ ካልበቃሽ ብቻ፣ ያውም ማቆሚያውንም አብሮ የሚያስተካክል ሰው ካገኘሽ አስቢበት፡፡

በውጭ አገር ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ንግድ ነው፡፡ ቢኤምደብሊው ለብዙ ሞተሮቹ ዝቅተኛ መቀመጫ በአማራጭ ያቀርባል፡፡ አሜሪካ ውስጥም እንደ ኮርቢንና ሳርጀንት ያሉ ድርጅቶች የሚታወቁት የሞተር መቀመጫ በመሥራት ነው፡፡ ፈረንጅ በገንዘቡ የሚያስተካክለውን አንቺ ብታስተካክዪ ምን ነውር አለው?

አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ፤ ሞተሩ የመንግሥት ንብረት ነው፡፡ ያለ ፈቃድ ከቆረጥሽው ነገ ንብረት ክፍል ሲጠይቅሽ መልስ ታጪያለሽ፡፡ አጭር ማመልከቻ ጽፈሽ አስፈቅጂ፡፡ ከተቻለ ያገለገለ መቀመጫ ገዝተሽ እሱን አሠሪውና ዋናውን በማዳበሪያ ጠቅልለሽ ለንብረት ክፍል አስረክቢ፡፡ ስትዛወሪ ያንቺን ይዘሽ ትሄጃለሽ፡፡

ሠሪው ልብሱን ሳይመታ በፊት ስፖንጁ ላይ ተቀምጠሽ ለኪው፡፡ በአዘቦት የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰው ይዞልሽ፡፡ ሁለቱም እግሮችሽ እስከ ጣቶቹ ሥር ካረፉ፣ ወይም አንዱ ሙሉ በሙሉ ከረገጠ በቂ ነው፡፡ ሁለቱ ተረከዝ ካልነካ ብለሽ ስፖንጁን አትጨርሺው፡፡

ከዚያ በኋላ የቀረው ልምድ ነው፡፡ ስትቆሚ ወገብሽን ወደ ግራ ትንሽ አውጥተሽ በግራ እግርሽ ብቻ ርገጪ፤ ቀኙ የኋላ ፍሬኑ ላይ ይቆይ፡፡ የምትቆሚበትን ቦታ ቀድመሽ ምረጪ፤ በግራሽ በኩል መሬቱ ከፍ ያለ ይሁን እንጂ ጉድጓድ አይሁን፡፡ ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማም አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጨምርልሻል፤ ታኮ ግን አይሆንም፣ መርገጫው ላይ ይይዝሻል፡፡

አለቃሽን በተመለከተ፣ ክርክር አያስፈልግም፡፡ «አንድ ወር ይስጡኝ» በያቸው፡፡ መቀመጫውን አሠርተሽ፣ ባዶ ሜዳ ላይ መቆምና መነሣት ተለማምደሽ፣ አንድ ቀን ጠዋት ቢሮው በር ላይ መጥተሽ በአንድ እግርሽ ቀጥ በዪ፡፡ ከዚያ ወዲያ የሚሉትን እንሰማለን፡፡

መልካም ጉዞ! ለሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት፡፡