ጽጌ፦ በስደት ምድር የሚጠራ ስም

እንደ ልማዳችን በዚህ ዓምድ አንድ ስም አንሥተን ትርጓሜውንና ታሪኩን እንመለከታለን። ለዛሬው «ጽጌ» የሚለውን ስም እንድንመርጥ ያደረጉን አንዲት እናት ናቸው።

እኚህ እናት ለጸሎት ስም ከሚመዘገብበት ቀርበው የልጆቻቸውን ስም ሲያስጽፉ፣ ከመጨረሻዋ ልጃቸው ሲደርሱ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ስሟ ጽጌ ነበር፤ ጅዳ ከገባች ወዲህ ግን ዘህራ ነው የምትባለው። ደላላው ነው ያወጣላት። በየትኛው ስም ትጸልዩላት ይሆን አባቴ?» ሲሉ ጠየቁ። መዝገቡን የያዙት አባት፣ «የክርስትና ስሟን ይንገሩኝ እናቴ» አሏቸው፤ ነገሯቸው፤ ተጻፈ። ጥያቄው ግን እኛ ዘንድ ቀረ። ይህን ጥያቄ በልባቸው ይዘው የሚመጡ ወላጆች ብዙ እንደሆኑ እናውቃለንና።

«ጽጌ» የግእዝ ቃል ነው። ጸገየ ሲል አበበ፣ ፈነዳ ማለት ነው፤ ጽጌም አበባ ይባላል። አንዳንዶች «ጸጋ» ከሚለው ቃል ጋር ያመሳስሉታል፤ ይሁን እንጂ ጸጋ የመጣው ጸገወ፣ ማለትም ሰጠ ከሚለው ግስ ነው። ስሙ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ብቻውን ይጠራል፤ ጽጌ ማርያም፣ ጽጌ ድንግል እየተባለም ይዘረጋል። በአማርኛው በኩል ደግሞ አበባ፣ አበባየሁ፣ አደይ፣ ጽጌረዳ የሚሉት ስሞች እኅቶቹ ናቸው። በመስከረም የተወለደች ልጅ ሜዳውን ቢጫ በሚያለብሰው አደይ አበባ ስም ብትጠራ ማንም አይደነቅም።

ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ግን የስሙ ምንጭ ከሜዳው ይልቅ ማኅሌቱ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ይባላል። ሊቃውንቱ በሌሊት ቆመው ማኅሌተ ጽጌን ያደርሳሉ፤ ድርሰቱም የወሎው ገዳማዊ የአባ ጽጌ ድንግል እንደሆነ ይታወቃል። አባቶች ኢሳይያስ ከዕሤይ ግንድ ይወጣል ያለውን አበባ ለጌታችን ሰጥተው ይተረጕማሉ፤ እመቤታችንም አበባውን ያስገኘች ናት። አበባ በሚያምርበት በዚህ ወራት የሚታሰበው ነገር ግን ስደት ነው። እመቤታችን ልጇን አዝላ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ መሸሿ ይነገራል፤ በኅዳር 6ም የደብረ ቁስቋም በዓል ይከበራል። ስለዚህ ጽጌ የሚለው ስም አበባንና ስደትን አንድ ላይ የያዘ ስም ነው።

በእኛ ዘመን ይህን ስም የተሸከሙትን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እናስታውስ። የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነበር። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በጣልያን አዚናራ ደሴት ታስረዋል። በኋላም በግሸን ማርያም መንኵሰው ጽጌ ማርያም ተባሉ፤ በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያወቃቸው እኚህ እናት ብዙ ዘመን በኖሩባት በኢየሩሳሌም በ2015 ዓ.ም. ዐረፉ። የእርሳቸው ስም የተለወጠው በፈቃዳቸው፣ በጸሎትና በቡራኬ ነው።

ወደ ጅዳና ወደ መካ የሚሄዱት እኅቶቻችን ስም ግን እንዲህ አይለወጥም። ከክርስቲያን ቤተሰብ ወጥተው በቤት ሠራተኝነት ሲሄዱ በፓስፖርታቸው ላይ የእስልምና ስም የተጻፈላቸው ብዙዎች ናቸው። መካ ሙስሊም ያልሆነ ሰው የማይገባባት ከተማ ናትና በዚያ የምትሠራ ክርስቲያን ስሟን ብቻ ሳይሆን ማተቧንም መሰወር ግድ ይሆንባታል። የሚያስገርመው ደላላው ሳያውቀው የሰጣት ስም ነው። ዘህራ በዐረብኛ አበባ ማለት ነው፤ ፋጢማ የምትጠራበት «ዘህራእ» የተሰኘው ቅጽልም ከዚያው ሥር ስለሆነ ሙስሊም ወገኖቻችን አጥብቀው ያከብሩታል። ስሙ በራሱ መልካም ስም ነው። የሚያሳዝነው ወዳ ያልመረጠችው መሆኑ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማሰስ የጀመረው ጥቅምት 25፣ በዘመነ ጽጌ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጅዳና በመካ መካከል ባለው የሹመይሲ ማቆያም ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተራቸውን ጠብቀዋል። እንዲህ ባለ ቀን ሁለት ስም ያለው ሰው ፍለጋው ይከብዳል። እናት ጽጌን ትጠይቃለች፤ ወረቀቱ የሚያውቀው ዘህራን ነው።

ለእናቲቱ ጥያቄ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ያለችው ሮዴ ትመልስልናለች። ጴጥሮስ ከወኅኒ ወጥቶ የማርቆስን እናት የማርያምን ደጅ ሲያንኳኳ ድምፁን ያወቀችው እርሷ ናት። ስሟ በጽርዕ ቋንቋ ጽጌረዳ ማለት ነው። የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ደስታዋን ስትናገርም አብደሻል አሏት። በዚያ ሌሊት ለጸሎት ከተሰበሰቡት የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም፤ የእርሷን ግን ሉቃስ ጻፈው። በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ በእግዚአብሔር ዘንድ ስም አላት።

ስም መሰወር ቀላል ነገር ነው አንልም። ከዚያ የተመለሱ እኅቶች ይህ በኅሊናቸው እንደሚከብዳቸው እናያለን፤ በዐውደ ምሕረቱ ዳር ቆመው ወደ ውስጥ ለመግባት የሚያፍሩም አሉ። እነርሱን «ለምን ዘህራ ተባልሽ?» ብለን አንቀበላቸው። ወደ ንስሓ አባታቸው የሚወስዳቸው ሰው እንሁን።

ወላጆችም ሁለት ነገር አትርሱ። ስም ስታስመዘግቡ ልጃችሁ በፓስፖርት ማንም ትባል ማን የተጠመቀችበትን ስም ንገሩን፤ በቅዳሴና በጸሎት የምትታሰበው በእርሱ ነው። በቤታችሁ ደግሞ የፓስፖርቷን ቅጂ አስቀምጡ፤ በዚያ የተጻፈውን ስም በሚገባ እወቁ፤ ብትታመም ወይም ብትያዝ የምትገኘው በእርሱ ነውና።

አበባን በየዓመቱ የሚመልስ አምላክ በስደት ያሉትን ልጆቻችንን በሰላም ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።