ሁለት ፓስፖርት በአንድ ሻንጣ

አንድ የኮክረን ወዳጄ የቡና ንግድ ሊጀምር ወደ አዲስ አበባ ሲሰናዳ፣ ከካናዳው ፓስፖርት ጋር ያልመለሰውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሻንጣው ውስጥ ሲከት አየሁት። «ለቪዛ ለምን ልክፈል?» አለኝ።

እኔ ትዝ ያሉኝ አቶ በሽር ማክታል ናቸው። የኦጋዴን ተወላጅ፣ የካናዳ ዜጋ፣ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ከሶማሊያው ጦርነት ሸሽተው ኬንያ ድንበር ላይ ተያዙ፤ በጃንዩወሪ 2007 በሞቃዲሾ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተወሰዱ። የካናዳ ዲፕሎማቶች እንዲያዩዋቸው የተፈቀደው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ2009 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ የተፈቱት በ2018 ነው። ይህ ሁሉ የደረሰው ካናዳዊነታቸው እየታወቀ ነው!

ታዲያ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የገባ ሰው ቢታሰር ኤምባሲው ምን ብሎ ይሟገትለታል? «የእኛ ዜጋ ነው» ከተባለ ነገሩ አለቀ። በ2003 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የኢትዮጵያውን ያጣል። ጭንቀቱ የቪዛው ዶላር ከሆነ ቢጫ ካርድ አለ፤ ያለ ቪዛ ያስገባል። (ዜጋ ግን አያደርግም፤ ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።)

ጉዞን ለካናዳ መንግሥት ማስመዝገብ በነጻ ነው። የፓስፖርቱ ቅጂና ሌሊትም የሚሠራው የኦታዋ ስልክ፣ 613-996-8885፣ ቤት ይቀመጥ። የተያዘ ሰው ለቆንስሉ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት በ1963ቱ የቪየና ስምምነት አለው፤ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ግን የራሱ ፋንታ ነው።

ወዳጄ ቢጫ ካርዱን እስኪያወጣ ጉዞውን በወር ገፍቶታል።