ከጣሪያ ላይ የተሰጠ ድምፅ

ዜጎች በመንግሥት ላይ ያላቸውን እምነት ማንሣታቸውን የሚያሳውቁት በምርጫ ኮሮጆ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ በሚገዙት ዕቃም ይናገራሉ። በደቡብ አፍሪካ የፋብሪካ፣ የገበያ ማዕከልና የቢሮ ሕንፃ ባለቤቶች ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተናገሩበት ዕቃ ኢንቨርተር ይባላል።

ኢንቨርተር የፀሐይ ፓነል የሚያመነጨውን ቀጥተኛ ጅረት የሕንፃው መሣሪያዎች ወደሚሠሩበት ተለዋዋጭ ጅረት የሚለውጥ ሣጥን ነው። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ግን አንድ ነገር አለ። ከመንግሥት መስመር ጋር ብቻ የተያያዘ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና እንኳ አብሮ ይጠፋል፤ ይህም መስመር የሚጠግነው ሠራተኛ በኤሌክትሪክ እንዳይመታ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። መብራት ሲጠፋም መሥራት የሚፈልግ ነጋዴ ባትሪ የሚቀበል ድቅል ኢንቨርተር መግዛት አለበት፤ ዋጋውም ይጨምራል። ነጋዴው ይህን ሁሉ የሚከፍለው የታሪፍ ቅናሽ ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ በመስመሩ ላይ እምነት አጥቶ ነው።

እምነቱ እንዴት ጠፋ? የደቡብ አፍሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው የኢነርጂ ፖሊሲ ሰነድ ላይ የማመንጨት አቅሙ በ2007 ገደማ እንደሚያልቅ ተጽፎ ነበር። ማስጠንቀቂያው ሰሚ አላገኘም። በ2007 መጨረሻ ፈረቃው ሲጀመር ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኤስኮም ትክክል እንደነበረና መንግሥታቸው እንደተሳሳተ በአደባባይ አመኑ። ይቅርታው ግን ኃይል አላመነጨም። በ2023 ከ300 በሚበልጡ ቀናት መብራት በፈረቃ ጠፍቷል።

በዚህ መካከል መንግሥት ሁለት ነገር አደረገ። በ2021 ያለ ፈቃድ ማመንጨት የሚቻለውን መጠን ከ1 ሜጋዋት ወደ 100 ሜጋዋት ከፍ አደረገ፤ በጥር 2023 ደግሞ ገደቡን ጨርሶ አነሣው። በዚያው ዓመት በጀት፣ ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ለሁለት ዓመት፣ በታዳሽ ኃይል ላይ ገንዘቡን ያዋለ ድርጅት ከወጪው 125 በመቶውን ከግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ እንዲቀንስ ፈቀደ። ኤስኮም ራሱ እንደገመተው፣ በመጋቢት 2022 ከ1,000 ሜጋዋት ያነሰ የነበረው የጣሪያ ፀሐይ ኃይል በሰኔ 2023 ከ4,400 ሜጋዋት በላይ ደረሰ። በኋላ ፈረቃው ሲረግብ የገበያው ጥድፊያም ረገብ ብሏል፤ የተተከለው ግን አልተነቀለም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ያሰኛል። ጥያቄው ከዚህ በኋላ ይጀምራል፤ የመስመሩን ዕዳ ማን ይክፈል?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ አበው። የኤሌክትሪክ መስመርም እንዲሁ ነው። የደቡብ አፍሪካ ማዘጋጃ ቤቶች ኃይልን ከኤስኮም በጅምላ ገዝተው በትርፍ ይሸጣሉ፤ በትርፉም ሌላ አገልግሎት ይደጉማሉ። ትልቁ ገዢ ቀን ቀን ከራሱ ጣሪያ ሲጠቀም ገቢው ይቀንሳል፤ የምሰሶውና የትራንስፎርመሩ ወጪ ግን አይቀንስም። ያው ገዢ ማታና ደመና በሚሆንበት ቀን ወደ መስመሩ ይመለሳልና። ሸክሙ የሚወድቀው ጣሪያ በሌለው ላይ ነው፤ በቆርቆሮ ቤት በሚኖረው ድኻና በሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ ሱቅ በተከራየው ቸርቻሪ ላይ። በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና በተከራዩት ሱቅ የሚነግዱ ወገኖቻችንም ከእነዚህ ወገን ናቸው። ተከራይ በማን ጣሪያ ላይ ፓነል ይሰቅላል?

መፍትሔው ኢንቨርተርን በቀረጥ ማነቅ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ዜጋ ለራሱ መብራት በማብራቱ ሊቀጣ አይገባም፤ ቢቀጣም ከመስመሩ ጨርሶ ይወጣል እንጂ አይመለስም። ባለቤቱ ይወቅበት ብሎ ሁሉን ለገበያው መተውም መንግሥት ኃላፊነቱን ከራሱ ላይ የሚያወርድበት መንገድ ነው። በእኔ እምነት ፍትሐዊው መንገድ የመስመሩን ኪራይ ከኃይሉ ዋጋ ለይቶ እያንዳንዱን በአቅሙ ማስከፈል፣ ለድኻው ዝቅተኛ ታሪፍ ጠብቆ ማቆየት፣ ባለጣሪያው የሚያስተርፈውንም በተገቢ ዋጋ መግዛት ነው። የኬፕ ታውን ከተማ በ2023 ከንግድ ድርጅቶች ትርፍ ኤሌክትሪክ በጥሬ ገንዘብ ለመግዛት መነሣቱ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው። ሸሽቶ የነበረውን ደንበኛ አቅራቢ ያደርገዋልና።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሊያኮራን የሚገባ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ግድብ ኃይል ያመነጫል እንጂ ኃይሉን እደጃፍ አያደርስም። የሚያደርሰው መስመሩ ነው። ሆቴሉና ፋብሪካው ዛሬም ለክፉ ቀን ጄኔሬተር አዘጋጅቶ የሚቀመጠው ወንዙን ተጠራጥሮ ሳይሆን መስመሩን ተጠራጥሮ ነው። ነገ የናፍጣው ጄኔሬተር ቦታውን ለኢንቨርተር መልቀቁ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ ሕጉና ታሪፉ ተዘጋጅተው ካልጠበቁት፣ ባለጣሪያው ድምፁን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ሃምሳውም ሎሚ በአንዱ ድኻ ትከሻ ላይ ይቀራል።