ስለ ከሰል ምድጃ ያለኝ አስተያየት

በሐምሌና በነሐሴ ብርዱ ሲጠና በአዲስ አበባ በብዙ ቤት የከሰል ምድጃ ከደጅ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ዘመናዊ ነን የሚሉ አንዳንድ ሰዎች «ኋላ ቀር ነውና ይወገድ» ይላሉ። እኔ በበኩሌ በዚህ አሳብ አልስማማም፤ ነገር ግን ምድጃው በመኝታ ክፍል ማደሩን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ጥቅሙን መካድ ግፍ ነው። መብራት ቢጠፋ እርሱ አይጠፋም፤ ቡና ይፈላበታል፣ በቆሎ ይጠበስበታል፣ የራሰ ልብስ ይደርቅበታል፣ ጎረቤትም ዙሪያውን ተቀምጦ ይጫወታል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህን ሁሉ አያደርግም፤ ቆጣሪውን ግን ያስሮጣል።

ጉዳቱ የማይታይ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ይህም ጋዝ በደማችን ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። «ፍሙ ከቀላ፣ ጭሱም ካለቀ አይጎዳም» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያለቀው የሚታየው ጭስ ብቻ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲጀምረው ሰው ብርድ የመታው ይመስለውና በሩን ይብስ ይዘጋል! የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱንም አያውቀው።

«በፈረንጅ አገርስ ቤት ውስጥ እሳት አይነድም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይነዳል። በእንግሊዝ አገር ቦይለር የሚሉት ማሞቂያ ውሃ አሙቆ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይልካል። አሮጌው ነዳጅ ስለሚያባክን፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አዲስ የሚተከለው የጋዝ ቦይለር ከጥቂት በቀር ከጭሱ ሙቀት መልሶ የሚወስድ ዓይነት እንዲሆን ታዘዘ። ይሁን እንጂ ያ አባካኝ አሮጌ እንኳ የጭስ መውጫ አለው፤ መውጫው ሲደፈን እዚያም ሰው ይሞታል።

የእኛ ምድጃ መውጫው በርና መስኮት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፤ ወደ ቤት ሲገባ በርና መስኮት ወለል ብሎ ይከፈት፤ ከመኝታ በፊትም ፍሙ ተመልሶ ይውጣ። ሙቀቱ ያመልጠናል ለሚሉ ጋቢ መደረብ ይቻላል። ወላጆቻችን በተለይ ሕፃን በተኛበት ክፍል ምድጃ እንዳያሳድሩ እለምናለሁ። ራሱን የሳተ ሰው ቢገኝም በቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።