የቮልሷ ቀይ መብራት

የዛሬው ጽሑፌ ስለ መኪና ነው። «ኡስታዝ ደግሞ መቼ መካኒክ ሆነ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መካኒክ አይደለሁም፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ልጆች ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር ዓመታት ያስቆጠርኩ ሰው በገዛ መኪናዬ ላይ ያስተማርኩትን ረስቼ ስለ ተገኘሁ፣ ጥፋቴን ልናገርና ሌላው ይጠንቀቅ ብዬ ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1974 ሥሪት ቮልስዋገን ናት። ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው አንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ተማሪዎቼ በግቢው ውስጥ እየገፉ ያስነሱልኝ ነበር፤ እነሱ ይደሰታሉ፣ እኔ አፍራለሁ። የሚገርመው ግን ቅዳሜ ቡታጅራ ደርሼ ስመለስ እሑድ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ከሰኞ ጀምሮ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ ስመላለስባት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ትሞታለች። ይህ ራሱ ትልቅ ምልክት እንደ ነበር ያኔ አልገባኝም።

ባትሪ ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ምንም ሳይለካ «ይኼ ሞቷል፤ ትልቁን ውሰድ፣ አምፒሩ ከፍ ያለ ነው» አለኝ። እኔም ሳልለካ አመንኩት። ከወር ደመወዜ ብዙውን ከፍዬ ወሰድኩ። ቮልስ ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ በኩል ነው። አዲሱ ባትሪ ከአሮጌው ሁለት ጣት ያህል ይረዝማል። ወንበሩን ስጫነው ገባ፤ ገባ ብዬ ተውኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ማታ በዝናብ ከመርካቶ ወደ ኮልፌ ስንወጣ አክስቴና ሦስቱ ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። የፊት መብራቱ እየደበዘዘ፣ የዝናብ መጥረጊያው እየተጎተተ ሄደ። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ባለቤቴ «ፀጉር የተቃጠለ አይሸትህም?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጥ ትንሿ ልጄ «አባ፣ ወንበሩ ይሞቃል» አለች። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ሁሉንም አስወረድኩ። ወንበሩን ሳነሳው ጭሱ ፊቴ ላይ መጣ። የወንበሩ ሽቦ ከክብደት ብዛት ወርዶ የባትሪውን ፖዘቲቭ ጫፍ ነክቶታል፤ ሽቦው ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሾርት አድርጎ ቀልቷል፤ የወንበሩ ቃጫም መጨስ ጀምሯል። ወንበሩን ዝናብ ላይ ወረወርኩት። አልሐምዱ ሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ በዚያች መኪና ከፊት ካልሆነ አትቀመጥም።

በማግስቱ አንድ አረጋዊ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ አስገፍቼ ወሰድኳት። ቴስተራቸውን አውጥተው ባትሪው ላይ አደረጉ፤ 12.0 አለ። ሞተሩን በሌላ ባትሪ አስነስተን እንደገና ለኩ፤ ምንም አልጨመረም። «ኡስታዝ፣ ባትሪህ ምን አደረገህ? የሚያጎርሰው አጥቶ ነው የተራበው» አሉኝ። ከዚያ ቁልፉን ከፍቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ዳሽቦርዱን እንዳይ ጠየቁኝ። «ቀይዋ መብራት በርታለች?» አልበራችም። ከመቼ ጀምሮ? እንጃ። እኔ እኮ አለመብራቷን የጤንነት ምልክት አድርጌ ነበር የያዝኩት!

አምፖሏ ተቃጥላለች። በሽታው በሙሉ ይኸው ነበር። እርሳቸው በአንድ ትንሽ አምፖል ቀይረው ሞተሩን ሲያስነሱት ቴስተሩ 14.1 አሳየ።

እንዴት አንዲት አምፖል መኪና ታቆማለች? በኛ አገር ጋራዦች ሁለት የተለያዩ ነገሮች «ዲናሞ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። የድሮዎቹ ቮልሶች የያዙት እውነተኛው ዲናሞ ነው፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ግን ኦልተርኔተር አላቸው። ኦልተርኔተር ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ማግኔት የሚሆነው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ነው። ሥራ ለመጀመር ጥቂት ኤሌክትሪክ ከባትሪ መበደር አለበት፤ ብድሩም የሚመጣለት በዚያች ቀይ አምፖል በኩል ነው። ማመንጨት ሲጀምር በአምፖሏ ሁለት ጫፍ ያለው ቮልት እኩል ይሆንና መብራቷ ትጠፋለች። አምፖሏ ከተቃጠለች ግን ብድሩ አይደርስም። በብረቱ ውስጥ የቀረች ጥቂት ማግኔት አለች፤ እርሷ ሥራውን የምታስጀምረው ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር ብቻ ነው። የቡታጅራው መንገድ ለምን ባትሪዬን እንደሚሞላውና የከተማው ጉዞ ለምን እንደሚጨርሰው አሁን ይገባችኋል። ይህንን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ መሰላችሁ!

ስለዚህ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ባትሪ ለመግዛት ከመነሳታችሁ በፊት ቁልፉን ከፍታችሁ መብራቷን እዩ። ሞተሩ ቆሞ ሳለ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባት። እየነዳችሁ በደብዛዛው ከበራች ካርቦኑ አልቆ፣ ዳዮዱ ተበላሽቶ ወይም አንድ ቦታ ሽቦ ላልቶ ሊሆን ይችላል። የድሮው ዲናሞ ባለበት ቮልስ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ብልጭ ድርግም ብትል አትደንግጡ፤ ጋዝ ሲሰጠው ከጠፋች ደህና ነው። እየነዳችሁ በደማቁ ከበራች ግን በቮልስ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ወዲያው ቁሙ፤ «ቤት እስክደርስ» አትበሉ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፋንም የሚያዞር ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትምና ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትነዷት ሞተሩን ታቃጥሉታላችሁ።

ቺንጋውን በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቢሰጥ ተገቢ ነው። ከላላ ይንሸራተታል፤ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። በቮልስ የሚስተካከለው ለሁለት በሚከፈለው ፑሊ መካከል ያሉትን ስስ ቀለበቶች በመቀነስና በመጨመር ነው፤ ስትቀንሱ ይጠብቃል። የወጡትን ቀለበቶች አትጣሉ፣ ከዳዶው ሥር ከውጭ አስቀምጧቸው፤ አዲስ ቺንጋ የገባ ዕለት ትፈልጓቸዋላችሁ።

ቴስተር ካላችሁ፣ መኪናው ካደረ በኋላ ባትሪው 12.6 ቢያሳይ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5 ቢሆን ይሞላል። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪው ይፈላል፣ አምፖልም ይቃጠላል። ዲናሞው ላይ 14 ሆኖ ባትሪው ላይ 13 ከሆነ ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው፤ የዛገ ማያያዣ ወይም የላላ የማሳ ገመድ ፈልጉ። በቮልስ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው የማሳ ገመድ ከሥር ስለ ሆነ ማንም አያየውም፤ ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አሹት። መኪናው ቆሞ ሲያድር ብቻ የሚያልቅ ባትሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉን ሳያልፍ በቀጥታ የተቀጠለ ቴፕ አለበት።

አንድ ልማድ ላንሳ። በየጋራዡ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» ማለት አለ። በኦልተርኔተር ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ደኅናውን ዕቃ ያበላሻል፤ ባትሪው በድንገት ሲነቀል የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት ዳዮዱንና ሬጉሌተሩን ያቃጥላል። የኛ አረጋዊ ይህን ሲያዩ «ሰውየው የሚተነፍስ መሆኑን ለማወቅ አንገቱን ማነቅ ነው» ይላሉ። መኪናችሁን ያስያዛችሁት ሰው እጁን ወደ ገመዱ ከሰደደ በትሕትና አስቁሙት።

የቮልስ ባለቤቶች ሆይ፣ ዛሬውኑ የኋላ ወንበራችሁን አንሡ። ባትሪው ቁመቱ ልክ ይሁን፤ በማሰሪያው ይታሰር፤ ጫፎቹም በፕላስቲክ ወይም በወፍራም ጎማ ይሸፈኑ። ከባድ ሰው አስቀምጣችሁም በሽቦውና በባትሪው መካከል ክፍተት መኖሩን አረጋግጡ። ልጆቻችሁ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው።

ሞቷል የተባለው አሮጌው ባትሪዬ ሌሊቱን ተሞልቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ይኸው ዓመት አለፈው። ትልቁን ለሠፈራችን መድረሳ ሰጠሁት፤ መብራት ሲጠፋ የድምፅ ማጉያው በእርሱ ይሠራል።