ሕመሙን በስሙ እንጥራው

በአሽቀሎን ከተማ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ሳገለግል ከወገኖቼ ሴቶች አንደበት ደጋግሜ የምሰማው «ሆዴን ያመኛል» የሚለውን ቃል ነው። ሐኪሙም በተነገረው መሠረት የሆድ መድኃኒት ያዝዛል። ሴትዮዋ ግን የምትሠቃየው በባልና ሚስት ግንኙነት ጊዜ በብልቷ ላይ በሚሰማት ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመሙ በስሙ ስላልተጠራ መድኃኒቱም ቦታውን ይስታል።

በአስተዳደጋችን ስለዚህ ጉዳይ መናገር ነውር ነው። ጨዋነት የሚያስከብር ጠባይ መሆኑን አልክድም፤ ዳሩ ግን በሐኪም ፊት መደበቅ ከጨዋነት አይቆጠርም። አባቶቻችንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል።

የሕመሙ መንስኤ አንድ ብቻ አይደለም። ኢንፌክሽን፣ የወሊድ ስፌት ጠባሳ፣ ጡት በማጥባት ወይም በማረጥ ጊዜ የሚመጣ ድርቀት ሊያስከትለው ይችላል። በልጅነት የተፈጸመ ግርዛትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የእስራኤል ሐኪሞች ጥናት ይህ ልማድ በኢትዮጵያ ሳለን በማኅበረሰባችን የተለመደ እንደ ነበረ፣ የተጠየቁት ሴቶች ግን በእስራኤል ሊቀጥሉበት እንደማያስቡ መዝግቧል። ስለዚህ ጠባሳ ያላት እናት ለሐኪሟ ብትገልጽ የምታፍርበት ነገር የለም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አንዳች ቁስል ሳይኖር ሕመም ይሰማል። ሴቲቱ ሕመሙን ስትፈራ በብልቷ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ያለ ፈቃዷ ይኮማተራሉ፤ ሲኮማተሩም ሕመሙ ይብሳል። ፍርሃት ሕመምን፣ ሕመምም ፍርሃትን ይወልዳል። ይህ ባልን መጥላት አይደለም። ባልየውም ሊታገሥ ይገባል፤ ማስገደድ በደል ከመሆኑም በላይ ሕመሙን ያባብሳል።

«የባልና የሚስት ጉዳይ በሽማግሌ ያልቃል» የሚሉ አሉ። ሽማግሌ የተጣላን ያስታርቃል፤ የተኮማተረን ጡንቻ ግን አያፍታታም። ለዚህ የሴቶች ሐኪም መንስኤውን መርምሮ ያክማል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጡንቻን የማላላት ልምምድ ያስተምራል፤ የምክር አገልግሎትም ፍርሃቱን ያቃልላል። ሕክምናው ጊዜ ቢጠይቅም ብዙዎች ይሻላቸዋል። ትኩሳት፣ ያልተለመደ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲታይ ግን ሳይዘገዩ መታየት ያስፈልጋል።

አጥብቄ የምቃወመው ልጅን አስተርጓሚ ማድረግን ነው። እናት ይህን ጉዳይ በልጇ ፊት እንዴት ትናገራለች? ልጁስ በምን ቃል ይተረጉመዋል? ወደ ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ ጎልማሳ አስተርጓሚ፣ ከተቻለም ሴት፣ እንድትመደብልዎ ይጠይቁ። በአንድ ሰፈር ስለምንኖር ወሬው ይወጣል ብለው ይሰጉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ግን ሐኪሙንም ሆነ የሕክምና ተቋሙን ሠራተኛ ምስጢር እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ምርመራውም በፈቃድዎ የሚደረግ ስለሆነ «ይቁም» የማለት መብት አለዎት።

ለመናገር አንደበትዎ ቢታሰር ይህን ገጽ ለአስተርጓሚዋ ያሳዩ። «በግንኙነት ጊዜ ያመኛል» ማለት ብቻውን ለጅምር ይበቃል።